ለሰባት ቀዳዳ ሁለት አምፔር

ሰፈራችን ውስጥ ስለ ቢትኮይን የሚወራው ስለ ዋጋው ነው። ትናንት ስንት ገባ፣ ዛሬ ስንት ወረደ፣ እገሌ የዛሬ አምስት ዓመት ገዝቶ ቢያስቀምጥ ኖሮ አሁን ምን ይነዳ ነበር። ስለ ሶኬት የሚያወራ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመንም። እኛ ደግሞ ሰሞኑን ከሶኬት ሌላ ወሬ የለንም። ስለ አምፔር፣ ስለ ቀጭን ሽቦ፣ ስለሚግል ፕላስቲክ። ያወራነውን ያህል ብንጽፈው ለአንድ ሰው እንኳን ይጠቅም ይሆናል ብለን ተነሳን።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ያገኘችውን ሁሉ የምትጽፍ። ማንኛዋ ብዕሩን እንደያዘች መገመት አይከብድም። አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይተን ኪራዩን፣ ጤፉንና ዋይፋዩን ለሦስት እንካፈላለን። ለገና ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ የአንዳችን ታላቅ ወንድም ከቸኮሌቱና ከሽቶው ጋር ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች አወጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከፍላሽ ዲስክ ወፈር ያሉ፣ ጎንና ጎናቸው በአሉሚኒየም ጥርስ የተሸፈነ። «ሎተሪ ናቸው» አለን። «ማሽከርከሪያው ሃብ ግን ስለከበደኝ ትቼዋለሁ፤ እዚሁ ግዙ» ብሎ ሄደ። ዲያስፖራ እንዲህ ነው። መኪናውን ሰጥቶ ጎማውን እዚሁ ፈልጉ ይላል።

መሣሪያዎቹ ጌኮሳይንስ የሚባል ድርጅት የሠራቸው ኮምፓክ ኤፍ የሚባሉ ናቸው። የእነዚህ ነገሮች ዘር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያኔ ብሎክ ኢራፕተር የምትባል የዩኤስቢ መሣሪያ ወጥታ ነበር። በሰከንድ 333 ሚሊዮን ሙከራ ታደርጋለች፣ ከግማሽ አምፔር ትንሽ ያለፈ ኃይል ትበላለች። የኛዎቹ እያንዳንዳቸው በሰከንድ ወደ 300 ቢሊዮን ሙከራ ያደርጋሉ፤ ከአያታቸው 900 እጥፍ መሆኑ ነው። የሚበሉትም በዚያው ልክ ባይሆንም ጨምሯል። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ሙከራ» የምንለውን ለማያውቅ ባጭሩ እንንገረው። መሣሪያዋ ቁፋሮም ማዕድንም አታውቅም። ቁጥር እየቀያየረች ኤስኤችኤ-256 በሚባል ስሌት ውስጥ ታስገባለች፤ የሚወጣው ቁጥር ኔትወርኩ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች ከሆነ ብሎክ ተገኘ ይባላል፣ አግኚው ይሸለማል። ካልሆነ ሌላ ቁጥር። ካልሆነ ሌላ። ቀንና ሌሊት ይኸው ነው። የጥንቱ ሽልማት በ2009 (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) 50 ቢትኮይን ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ እየተገመሰ ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ 3.125 ላይ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ሃቡ። ኮምፒውተር ላይ ያለው ተራው የዩኤስቢ ቀዳዳ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 0.9 አምፔር፣ ማለትም 4.5 ዋት። የኛ መሣሪያ እንደምንሰጣት ፍጥነት 2 አምፔርና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። ላፕቶፕ ላይ ብንሰካት ወይ አትነሳም፣ ወይ ተነስታ ትወድቃለች፣ ወይ የላፕቶፑን ቀዳዳ ይዛ ትሞታለች። ስለዚህ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ከግድግዳው ሶኬት ኃይል የሚወስድ ሃብ ያስፈልጋል። ዳታው ከኮምፒውተሩ፣ ጉልበቱ ከግድግዳው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ብለን ቅዳሜ ጠዋት ወጣን።

መርካቶ የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሦስታችንንም አይቶ «ለወንድማችሁ ነው?» አለን። አይደለም አልነው። «እሺ፣ ለፕሪንተር ነው?» አይደለም። እንደ ጥያቄ ውድድር እየሆነ ሲመጣ ሒሳብ ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ አዳፕተሩን አውጣና አሳየን» አለችው። ካርቶኑ ላይ ትልልቅ ቁጥር ተጽፏል፤ 7 ቀዳዳ፣ 5 ጊጋቢት በሰከንድ፣ ሱፐር ስፒድ። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ደግሞ በጉንዳን ፊደል፦ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር።

ሁለት አምፔር! ለሰባት ቀዳዳ! ሰባት እንግዳ ጠርቶ ሁለት እንጀራ መቁረስ ማለት ነው። ሁሉም ቀዳዳ አንድ ላይ ከሠራ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 0.28 አምፔር ነው፤ ያለ አዳፕተር ኮምፒውተሩ ከሚሰጠው ያነሰ። አምራቹ አልዋሸም፣ ሰባት ቀዳዳ አለው። ማውዝና ኪቦርድ ለሚሰካበት ሰው ይበቃል። ፍጥነቱም እውነት ይሆናል። ለኛ ግን ፍጥነቱ ምንም አይሠራልንም፤ መሣሪያዋ ከኮምፒውተሩ ጋር የምትለዋወጠው ዳታ ትንሽ ስለሆነ የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ይተርፋታል። እንዲያውም ዩኤስቢ 3.0 በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይን የመረበሽ አመል አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የማያስፈልገን፣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈው የሚያስፈልገን ሆኖ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ስንገባ ካርቶን ማየት ተውን። ቀጥታ አዳፕተር መገልበጥ ሆነ ሥራችን። ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት፣ ዋቱን ማግኘት፣ ከፍላጎታችን ጋር ማስተያየት። ሁለት መሣሪያ በ2 አምፔር 20 ዋት ነው። የሚያቀዘቅዛቸው ትንሽ ፋን ሲጨመር 22 ወይም 23 ዋት። አዳፕተርን ጥግ ድረስ መጫን ደግሞ አይመከርም፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ከሆነማ ቢያንስ ሲሶውን ያህል ትርፍ መተው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ35 ዋት በታች የሆነውን ሁሉ መለስን። መርካቶ ውስጥ የመለስነውን ሃብ ብትደረድሩት አጥር ይሆናል።

አዳፕተሩ ባለ 5 ቮልት ነው ወይስ ባለ 12? ይህች ጥያቄ ሻጮቹን አስቃቸዋለች፤ ግን ትልቅ ነገር ናት። ያው 40 ዋት በ5 ቮልት ሲሄድ 8 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት ሲሄድ 3.3 አምፔር ብቻ። ሽቦ የሚግለው በአምፔሩ ነው፣ ያውም አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያቺ ከአዳፕተሩ እስከ ሃቡ የምትዘረጋው ቀጭን ጥቁር ገመድ 8 አምፔር ስትሸከም ትሞቃለች፣ መንገድ ላይም ቮልት ትበላለች፤ 5 ተነስቶ 4.6 ይደርሳል። ባለ 12 ቮልቱ ግን ሃቡ ውስጥ ባለች መቀየሪያ ወደ 5 የሚወርደው እደጃፉ ደርሶ ነው። ጌኮሳይንስ ራሱ ለመሣሪያዎቹ የሚሸጠው ሃብ በ12 ቮልት የሚገባ ነው። እኛ እሱን እዚህ አላገኘነውም።

ሌላው ማታለያ የቀዳዳዎቹ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሃብ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም ቀዳዳ አለው፣ «2.4 አምፔር» ተብሎ ተጽፎበታል። ደስ ይላል። ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ለስልክ ቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ዳታ አያሳልፉም። መሣሪያዋ ትበራለች፣ ኮምፒውተሩ አያያትም። ዳታ የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች ደግሞ 0.9 ላይ ይቆረጣሉ። ጠግቦ የማይሰማ፣ ሰምቶ የማይጠግብ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መገናኛ ስንሄድ ላፕቶፕ፣ አንዷን መሣሪያና አንዲት የዩኤስቢ መለኪያ ይዘን ነው። መለኪያዋ ትንሽ ስክሪን ያላት፣ ቀዳዳና መሣሪያ መሃል ገብታ ቮልትና አምፔር የምታነብ ነገር ናት። ሃብ ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ እሷን ግዙ። አንድ ሱቅ ውስጥ 10 ቀዳዳ ያለው፣ አብረቅራቂ፣ በየቀዳዳው ማብሪያና ማጥፊያ የተሠራለት ሃብ ቀረበልን። ባዶውን ስንለካው 5.1 ቮልት። መሣሪያዋን ስክተን ስናስነሳት 4.7። የሻጩን ስልክና የረዳቱን ስልክ ጎኗ ስንሰካ 4.4። መሣሪያዋ ዝም አለች። የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ጉልበት ለሚፈልግ መሣሪያ ከ4.75 እንዳይወርድ ይላል። ሻጩ ግን «ሁለቱም ስልክ ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ምን ጎደለው?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ ስልክ ታጋሽ ነው። ባነሰው ልክ በቀስታ ይሞላል። የኛዋ ግን የራት ሰዓት የሚዘገይበት የሕፃን አመል አላት።

ጎን ለጎን መሰካታቸውም ያስቸግራል። የአሉሚኒየም ጥርሳቸው ሰፊ ስለሆነ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ቀዳዳዎች አይገቡም፤ አንድ መዝለል ግድ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ቀዳዳ ሃብ ለሁለት መሣሪያና ለአንድ ፋን ይጠብባል። ቀዳዳው ወደ ጎን ከሚሆን ወደ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ክብደታቸው ቀዳዳውን እያጎበጠ ያላላዋል። የላላ ቀዳዳ ደግሞ ይግላል።

ነርሷ ይህን ስትሰማ ነው ዝምታዋን የሰበረችው። የተቃጠለ ሰው በየሳምንቱ የምታይ ሰው ናት። «ሃቡ ፍራሽ አጠገብ አይቀመጥም። መጋረጃ አጠገብ አይቀመጥም። ኤክስቴንሽን ላይ ከምጣዱ ጋር አይሰካም። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን እናንተ ተኝታችሁ የሚሠራ ነገር መጀመሪያ ቀን ቀን በእጅ ይዳሰሳል» አለች። አራት ሕግ። ማንም አልተከራከራትም። የመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ እየጠፋ፣ ቀን ቀን አዳፕተሩን፣ ገመዱን፣ ቀዳዳውን በእጅ ጀርባ እየዳሰስን አለፈ። እጅ ላይ አንድ ደቂቃ የማያቆይ ሙቀት ካለ ይነቀላል።

የገዛነው በመጨረሻ መልከ ጥፉ ነው። ጥቁር ብረት፣ 7 ቀዳዳ ወደ ላይ፣ አዳፕተሩ 12 ቮልት 5 አምፔር፣ 60 ዋት ማለት ነው። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ የሰፈራችን መብራት አንዳንድ ማታ ሲዳከም አይቆጣም። ሁለቱንም መሣሪያና ፋኑን ጭነን ስንለካው 4.98 ቮልት ቆመ። ዋጋው የሦስታችንን የአንድ ወር የታክሲ ወጪ ያህላል። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ «ልጆቼ፣ ይሄ ሁለት ዓመት ቆሞብኝ ነበር» ብለው መረቁን።

ቤት ስናመጣው አንድ ፈተና ቀርቶት ነበር። ርካሽ ሃብ ከአዳፕተሩ የመጣውን ኃይል ወደ ኮምፒውተሩም መልሶ የመግፋት አመል አለው። እኛ ቀንና ሌሊት የምናስነሳው ላፕቶፕ ሳይሆን ራስቤሪ ፓይ የሚባለውን የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ከዚያው ወንድም የመጣ ነው። ፓይዋን ከራሷ ቻርጀር ነቀልንና ሃቡን ብቻ ሰካንባት። ቀይ መብራቷ ቦግ ቢል ኖሮ ሃቡ ወደ ኋላ እየገፋ ነው ማለት ነበር። አልበራችም። እልል አልን። ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን «ማን ታጨች?» ብለው ጠየቁ።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የቀረው የአከራያችን ልጅ ሲመጣ ነው። ራይድ የሚሠራ፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ነው። መኪናዋ የሰው ናት፤ የራሱን ለመግዛት እቁብ ይጥላል። ሃቡን አየው፣ ፋኑ ሲሽከረከር አየ፣ የመሣሪያዎቹን ብልጭታ አየ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና «እህቶቼ፣ እቁቡ ወጥቶልኛል። አሥር ላስመጣ ነው። እናንተ አጥንታችሁታል፣ የትኛውን ሃብ ልግዛ?» አለን። ባለፈው ዓመት ስልክ ላይ «ማይኒንግ» በሚል መተግበሪያ ገንዘብ የገባበት ሰው ነው። ያኛው ጭራሽ ማሽን አልነበረውም፣ ቁጥር ብቻ ነበር የሚጨምረው። አሁን እውነተኛ ማሽን ሲያይ ይኸኛው እውነት ነው አለ። እውነትማ እውነት ነው።

የጠየቀው ስለ ሃብ ነው፤ ስለ ሃቡ መለስንለት። አሥር መሣሪያ 20 አምፔር በ5 ቮልት ነው፣ 100 ዋት። አንድ ሃብ ላይ አይሆንም፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈል፣ እያንዳንዱ የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይኑረው። ሃብ ከሃብ ጋር አይቀጣጠል። እሱ በስልኩ ይጽፋል። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተር አወጣች።

የዓለም የቢትኮይን ማሽኖች ሁሉ ተደምረው በ2025 (እ.ኤ.አ.) በሰከንድ 1 ዜታሃሽ ገደማ ደርሰዋል። ይህ 1 ብሎ 21 ዜሮ ነው። የኛዋ አንዷ 300 ቢሊዮን ናት፤ 3 ብሎ 11 ዜሮ። በዓመት ውስጥ 52,560 ያህል ብሎክ ይገኛል፣ በየ10 ደቂቃው አንድ። አካፍላ አባዝታ ስትጨርስ አንዷ መሣሪያ ብቻዋን ብሎክ የምታገኘው በአማካይ በ63 ሺህ ዓመት አንዴ ነው። አሥሩ አንድ ላይ በ6,300 ዓመት አንዴ። (ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንዷን ሰክታ ብትሞት፣ የውድድሩም ብዛት እንዳሁኑ ቢሆን፣ እስከ ዛሬ 50 ገደማ ብሎክ ታገኝ ነበር ብለን ለማሳቅ ሞከርን፤ አልሳቀም።) ከሌሎች ጋር ተባብሮ ድርሻ መካፈልም አለ። ድርሻው ግን ያው በልኩ ነው። አንድ ቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ነው ብለን ብንይዝ አንዷ መሣሪያ በዓመት የምታመጣው 5 ዶላር ገደማ ነው። የሃቡን ዋጋ አትመልስም።

«ታዲያ እናንተ ለምን ሰካችሁ?» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በነፃ ስላገኘን፣ ነገሩን ለማወቅ ስለፈለግን፣ እና አዎ፣ ሎተሪ ቆርጠን ስለምናውቅ። እቁብ ወጥቶልን ግን አይደለም ያልነው። እሱ ላይ ጠንከር አልን። ሦስታችንም አንድ ላይ ስላወራን ሳይሰማው አልቀረም።

ሕጉንም ነገርነው፤ እሱ አልጠየቀም፣ እኛ ነን የጨመርነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው እ.ኤ.አ. 2022 ኢንሳ በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። እነዚያ ዜና ላይ የምናያቸው ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን ያላቸው ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ገብተው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍሉ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ቆጣሪ እነሱን መፎካከር አይቻልም። ይህን ወደ ንግድ የሚቀይር ሰው ከሃቡ በፊት የኢንሳን በር ያንኳኳ።

እሱ ዝም ብሎ ደብተሩን አየ። «63 ሺህ» አለ። ደብተሩን ፎቶ አነሳና ወጣ። እናቱ ማግስቱን ለብቻችን አገኙንና «ልጄን ምን አላችሁት? ሌሊቱን አልተኛም» አሉን። ፈራን። ግን ሰውዬው ዕቃውን ሊያስመጣ ቀብድ ሊቀበለው ቀጠሮ ይዞ እንደነበር፣ ልጁም ቀጠሮውን እንደሰረዘ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ብሩ አሁን የት እንዳለ አልጠየቅናቸውም።

ከዚህ ቤት ስለሚጠፋው ኤሌክትሪክ የሚጨነቅ ካለ ሒሳቡ ይኸው። ሁለቱ መሣሪያዎች፣ ፋኑ፣ ፓይዋና አዳፕተሮቹ የሚያባክኑት ተደምሮ 30 ዋት አካባቢ ነው፣ በወር 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። የኛ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ጋገርን ማለት ሃቡን ከአራት ቀን በላይ አሠራን ማለት ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ የወሩን ድርሻ ለብቻ እየጻፍን ለሦስት እንካፈለዋለን። ሒሳብ ሠራተኛ ጋር መኖር ማለት ይህ ነው።

መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጠፋል። ችግሩ ሲመጣ ነው። ፓይዋ በድንገት በጠፋች ቁጥር የሚሞሪ ካርዷ የመበላሸት ዕድል አለ፤ ስለዚህ የካርዱን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠናል። ሲጂማይነር የሚባለው ፕሮግራምም ማንም ሳይነካው በራሱ እንዲነሳ አድርገነዋል። ፍጥነቱን የምትወስን አንዲት ቁጥር አለችው፤ እሷን ዝቅ አድርገን መሣሪያዎቹ 1.8 አምፔር ላይ እንዲቆዩ አደረግን። በሰከንድ ጥቂት ቢሊዮን ሙከራ ቀረብን። ገመዱ ግን ከእጅ ሙቀት አያልፍም፣ ነርሷም የሌሊት ተረኛ ስትሆን አትደውልም።

ሃቡ አሁን የመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፣ ባዶ ሴራሚክ ላይ፣ የራሱ ሶኬት ላይ ብቻውን ተሰክቶ ይገኛል። አምስት ቀዳዳው ተይዟል፤ ሁለት መሣሪያ፣ ፋን፣ መለኪያዋ የምትቀመጥበት አንድ፣ እና የአከራያችን ልጅ ሲመጣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት አንድ። ሲገባ መጀመሪያ ስልኩን ይሰካል፣ ቀጥሎ «ዛሬስ?» ይላል። የለም እንለዋለን። እሱም ቡናው እስኪፈላ ይቀመጣል።